ኢንተርኔቱ የቱ ጋ ቆመ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጓደኛዬ ደወለችልኝ። «ቤት ያለው ኮምፒውተር ኢንተርኔት አልከፍት ብሏል። ፎርማት ተደርጎም አልዳነም፤ እስቲ መጥተህ እየው» አለችኝ። ሄድኩ። ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ምልክቱም ሙሉ ነው። ድረ ገጽ ልክፈት ሲሉት ግን ብሮውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያለ ይመልሳል። ዓይኔ በስክሪኑ ታች፣ ቀኝ ጥግ ላይ ያለው ቀን ላይ አረፈ። ዓመቱ 2009 ይላል።

አንድ ሰው ቢያየው ምንም ስህተት የለበትም፤ ያኔ 2009 ዓ.ም. ላይ ነበርን። ኮምፒውተሩ ግን አሮጌ ነው። የውስጥ ሰዓቱን የምታንቀሳቅሰው ክብ ባትሪ ሞታለች፤ ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ይዛባል። የጓደኛዬ ልጅ «ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ የተነገረውን ያስገባል። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው፤ ለእሱ ዘመኑ 2017 መሆን ነበረበት። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ዓመቱን አስተካከልኩት፤ ገጾቹ ሁሉ ተከፈቱ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ጓደኛዬ ግን ደስ አላላትም። ፎርማት ሲደረግ ከጠፉት ፋይሎች መካከል የአባቷ ድምፅ ነበረበት። አባቷ ከማረፋቸው ከአንድ ዓመት በፊት አስቀምጣ የልጅነታቸውን ነገርና የትውልድ ሐረጋቸውን አስቆጥራ የቀዳችው ነው። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም።

ፎርማት ያደረገውን ልጅ ልወቅሰው አልፈልግም። በልምዱ ብዙ ኮምፒውተር የዳነበትን መንገድ ነው የሞከረው። የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ መልእክቱ እስከየት ሄዶ፣ የቱ ጋ ነው የቆመው? ይህ ጥያቄ እንደ ኢንተርኔት ሁሉ ዕድሜው ከሃምሳ ዓመት በላይ ነው። ዛሬ ኮምፒውተርዎ ውስጥ የሚያገኟቸው የመመርመሪያ ዘዴዎች ሁሉ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቦታ፣ አንድ ሰው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሲቸገር የተወለዱ ናቸው። ታሪካቸውን ያወቀ ሰው ቅደም ተከተላቸውን ለመሸምደድ አይቸገርም።

(ከዚህ በታች የሚያዩዋቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለላቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እንዲህ ብሎ መግለጽ ለምን እንደሚያስፈልግ ከላይ አይተውታል!)

የመጀመሪያው ሌሊት፣ የመጀመሪያው ብልሽት

ኦክቶበር 29 ቀን 1969፣ በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል። ቻርሊ ክላይን የተባለ ተማሪ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ሊዮናርድ ክላይንሮክ ላቦራቶሪ ውስጥ ከአንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ደግሞ ቢል ዱቫል ሌላ ኮምፒውተር ይጠብቃል። ሁለቱን ማሽኖች የሚያገናኘው አርፓኔት የሚባለው መረብ ነው፤ የዛሬው ኢንተርኔት አባት። የታሰበው ነገር ቀላል ነበር። ክላይን ከርቀት ለመግባት «ሎግን» የሚለውን ትዕዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደላት አንድ በአንድ ይጽፋል።

ታዲያ ሁለቱ ሰዎች በስልክም እየተነጋገሩ ነበር። ክላይን «ኤል»ን ጻፈ፤ ደረሰች። «ኦ»ን ጻፈ፤ እሷም ደረሰች። «ጂ»ን ሲጽፍ የወዲያኛው ኮምፒውተር ወደቀ። ምክንያቱ ብዙም ሳይቆይ ታወቀ፦ የስታንፎርዱ ማሽን «ጂ»ን ሲያይ የቀሩትን ፊደላት ራሱ ሞልቶ በአንድ ጊዜ ለመመለስ ሞከረ፤ የተዘጋጀለት ቦታ ግን የአንድ ፊደል ነበር። ዱቫል ችግሩን አስተካከለ፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው እንደገና ሞከሩ፣ ተሳካ።

ከዚህ ሌሊት ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ «አልሠራም» ብለው አልተቀመጡም፤ ስንተኛዋ ፊደል ላይ እንደቆመ ያውቁ ነበር። ሁለተኛ፣ ይህን ያወቁት ሌላ መንገድ ስለነበራቸው ነው፤ ስልኩ ባይኖር ኖሮ ማን ጋ እንደተበላሸ መለየት ይከብዳቸው ነበር።

እርስዎም ያ ስልክ በኪስዎ አለ። የቤትዎ ኮምፒውተር ኢንተርኔት እምቢ ሲል መጀመሪያ የእጅ ስልክዎን በዚያው ዋይፋይ ላይ ይሞክሩት። ስልኩ ከከፈተ መስመሩ ደህና ነው፣ ችግሩ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ስልኩም ከለገመ ኮምፒውተሩን ይተዉት፤ ነገሩ ከራውተሩ ወይም ከዚያ ወዲያ ነው። ይህች የአንድ ደቂቃ ፍተሻ ብቻዋን ስንት ኮምፒውተር ያለ ጥፋቱ ፎርማት ከመደረግ ታድን ነበር!

በአንድ ምሽት የተጻፈ ፕሮግራም

አርፓኔት እየሰፋ ሲሄድ ፊደል በስልክ መቁጠር አልተቻለም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 መረቡ ዛሬም ወደምንጠቀምበት የግንኙነት ሕግ ተሸጋገረ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ማይክ ሙስ የተባለ የአሜሪካ ጦር የምርምር ላቦራቶሪ ባልደረባ በሜሪላንድ የሚሠራበት መረብ ያልተለመደ ጠባይ አሳየው። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ዴቪድ ሚልስ የተባለ ሳይንቲስት በአንድ ስብሰባ ላይ የተናገረው ትዝ አለው፦ ማንኛውም ኮምፒውተር አጭር መልእክት ሲደርሰው ያንኑ መልሶ እንዲልክ የሚያስገድድ ደንብ ስላለ፣ በዚህ የመንገዱን ርዝመት መለካት ይቻላል። ሙስ በአንድ ምሽት ቁጭ ብሎ ጻፈው። ስሙንም «ፒንግ» አለው። ሰርጓጅ መርከቦች ድምፅ ልከው፣ ነጥሮ ሲመለስ በማዳመጥ ባሕር ውስጥ ያለውን ነገር ያውቃሉ፤ ስሙ የዚያ ድምፅ ነው። ገደል አፋፍ ቆሞ ተጣርቶ የገደል ማሚቶን ያዳመጠ ሰው ሐሳቡን ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሙስ ራሱ ከሚወዳቸው ታሪኮች አንዱ ይህ ነው። አንድ የመረብ ባለሙያ አልፎ አልፎ ብቻ የሚቋረጥ ግንኙነት አስቸገረው። ፒንግ መልስ ባገኘ ቁጥር ኮምፒውተሩ «ፒንግ» እያለ ጮክ ብሎ እንዲናገር አደረገና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በሕንፃው ውስጥ እየዞረ የገመዶቹን መገናኛ አንድ በአንድ ይነቀንቅ ጀመር። ድምፁ የተቋረጠበት መገናኛ፣ እሱ ነው ጥፋተኛው! ሙስ በ2000 በመኪና አደጋ ሞተ። በሕይወት ሳለ ግን ፒንግ የዝናው ሁሉ መነሻ እንደሚሆን ቢያውቅ ኖሮ አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ ይሠራበት እንደነበር በቀልድ ጽፏል።

ይህ ፕሮግራም ዛሬ እርስዎ ቤት አለ። በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «ሲ.ኤም.ዲ.» የሚሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት ይጻፉ፤ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። እዚያ «ፒንግ» ብለው፣ ክፍተት ትተው 127.0.0.1 ይጻፉ። ይህ አድራሻ «እኔው ራሴ» ማለት ነው፤ መልእክቱ ከኮምፒውተሩ ሳይወጣ ይመለሳል። መልስ ካገኙ የኮምፒውተርዎ የግንኙነት ፕሮግራም ጤነኛ ነው። ቀጥለው ራውተሩን ይጥሩ። ቀጥለው ደግሞ ሩቅ ያለ ማሽን፣ ለምሳሌ 8.8.8.8ን፤ ይህ ጉግል ከ2009 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ያደረገው ሰርቨር ነው። ቅርቡ መልሶ ሩቁ ከጠፋ፣ ችግሩ በሁለቱ መካከል ነው። እንደዚያ ባለሙያ ነው እየሠሩ ያሉት፤ የሚነቀንቁት ገመድ ብቻ ነው የተለየው።

ገመድ ካነሳን ዘንድ፣ ከሁሉ በፊት እሱን ይፈትሹ። ነቅለው፣ ጠቅ እስኪል መልሰው ይሰኩት። ይህ የጀማሪ ምክር ይመስላል፤ ግን ባለሙያውም ሕንፃውን የዞረው ለዚሁ ነበር።

አድራሻ ያጣ ቤት

ፒንግ እንዲሠራ ኮምፒውተርዎ አድራሻ ሊኖረው ይገባል። አንድ ዘመን ይህን ቁጥር የሚያስገባው ሰው ነበር፤ ባለሙያው ከማሽን ወደ ማሽን እየሄደ በእጁ ይጽፋል፣ በደብተር ይመዘግባል። ሁለት ኮምፒውተሮች በስህተት አንድ ቁጥር ከተሰጣቸው ሁለቱም ይታመማሉ። ማሽኖቹ በበዙ ጊዜ ይህ የማይቻል ሆነ። በ1993 በአሜሪካ የባክኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ራልፍ ድሮምስ ያስተባበረው አዲስ ደንብ ወጣ፤ ስሙ ዲ.ኤች.ሲ.ፒ. ይባላል። አሠራሩ የቤት ኪራይ ነው ማለት ይቻላል። ኮምፒውተሩ ሲበራ «አድራሻ የሚያከራየኝ አለ?» ብሎ ይጣራል፤ ቤትዎ ያለው ራውተር «ይኸው፣ ለተወሰነ ጊዜ ይህን ያዝ» ይለዋል። የኪራዩ ጊዜ ሲያልቅ ይታደሳል።

ኪራዩ ሲከሽፍስ? ከዊንዶውስ 98 ጀምሮ ኮምፒውተሩ አከራይ ካጣ ለራሱ ጊዜያዊ አድራሻ ያወጣል፤ ሁልጊዜም በ169.254 ይጀምራል። በዚያው ጥቁር መስኮት «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትዕዛዝ በላቲን ፊደላት ሲጽፉ አድራሻዎን ያዩታል። በ169.254 ከጀመረ ኮምፒውተርዎ እየነገርዎት ያለው «ተጣራሁ፣ የመለሰልኝ የለም» ነው። ስለዚህ ራውተሩን አጥፍተው ግማሽ ደቂቃ ቆይተው ያብሩት፤ ገመዱን ይዩ፤ የዋይፋይ ይለፍ ቃሉን እንደገና ያስገቡ። ዊንዶውስን መቀየር ግን እዚህ ቦታ የለውም።

አድራሻው በ192.168 ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ መልካም ነው። እሱም የራሱ ታሪክ አለው። የኢንተርኔት አድራሻ ሲነደፍ ጠቅላላ ቁጥሩ 4.29 ቢሊዮን ገደማ ሆነ። ለጥቂት ዩኒቨርሲቲዎችና የጦር ተቋማት የማያልቅ ይመስል ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን እንደሚያልቅ ግልጽ ሆነ። መፍትሔው የመንደር ስም ዓይነት ነው፦ ማንኛውም ቤት በውስጡ የፈለገውን ያህል የሚጠቀምባቸው፣ ከደጅ ውጭ ግን የማይታወቁ አድራሻዎች ተለዩ። በ1996 በጸደቀው ደንብ በ192.168 የሚጀምሩት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከቤትዎ ስልኩ፣ ኮምፒውተሩ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ በራውተሩ ስም ነው ወደ ውጭ የሚወጡት፤ ራውተሩ ማን ምን እንደጠየቀ በማስታወሻው ይይዛል። ያ ማስታወሻ ሲዘበራረቅ ነው ብዙ ጊዜ «አጥፍተህ አብራው» የሚለው ምክር የሚሠራው፤ ሲጠፋ ማስታወሻው ይጸዳል። የቀሩት አዳዲስ አድራሻዎች ከዓለም አቀፉ ማዕከል ተከፋፍለው ያለቁት ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 ነው።

አራት መቶ ያርድ ርቀት፣ ሰላሳ ሁለት ሺህ ቁምነገር

አንዳንዴ ኢንተርኔቱ ጨርሶ አይጠፋም፤ ይንቀረፈፋል። በኦክቶበር 1986 በካሊፎርኒያ የሎውረንስ በርክሊ ላቦራቶሪ እና የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ጉድ ገጠማቸው። ሁለቱ ተቋማት የሚራራቁት 400 ያርድ፣ ማለትም 365 ሜትር ያህል ነው። በመካከላቸው የነበረው የመረጃ ፍሰት በሴኮንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። እያንዳንዱን ፊደል 8 ቢት ብንል፣ በሴኮንድ አምስት ፊደል ነው። ተነስቶ በእግር ሄዶ መንገር ይፈጥናል!

ገመድ አልተበጠሰም፤ ማሽንም አልተቃጠለም። የላኩት መልእክት የዘገየባቸው ኮምፒውተሮች «ጠፍቶ ይሆናል» ብለው ደግመው ይልካሉ፤ መስመሩ ይበልጥ ይጨናነቃል፤ ይበልጥ ሲዘገይ ይበልጥ ይደግማሉ። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሁሉም «እኔ ልለፍ» ብሎ ተቆላልፎ ማንም የማያልፍበትን ሰዓት ያስቡ። የላቦራቶሪው ባልደረባ ቫን ጃኮብሰን ችግሩን መርምሮ በ1988 መፍትሔውን አሳተመ። ፍሬ ነገሩ ትሕትና ነው፦ ኮምፒውተር ቀስ ብሎ ይጀምር፣ መንገዱ ሲለቀቅ ይጨምር፣ መጨናነቅ ሲያይ ወዲያው ይቀንስ። ዛሬ ስልክዎም ኮምፒውተርዎም ከዚህ የመነጨ ሥነ ሥርዓት ይከተላሉ።

በዚያው ሰሞን፣ በ1987፣ ጃኮብሰን «ትሬስራውት» የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። ብልሃቱ ደስ ይላል። በኢንተርኔት የሚጓዝ መልእክት ሁሉ እንደ ስንቅ ያለ ቁጥር ይያዝለታል፤ በየደረሰበት ራውተር አንድ ይቀነስበታል። ዜሮ ሲደርስ ያ ራውተር መልእክቱን ጥሎ «ስንቁ እኔ ጋ አለቀ» ብሎ ለላኪው ያሳውቃል። ይህ የተሠራው መንገድ የጠፋው መልእክት ለዘላለም እንዳይዞር ነበር። ጃኮብሰን ግን አንድ ስንቅ ብቻ የያዘ፣ ቀጥሎ ሁለት የያዘ፣ ቀጥሎ ሦስት የያዘ መልእክት ሆን ብሎ ላከ። በየመንገዱ የሚወድቁት መልእክቶች የራውተሮቹን ስም ይዘው መጡ፤ ጠቅላላው መንገድ ተገለጠ። በዊንዶውስ ትዕዛዙ «ትሬሰርት» ይባላል።

ከአዲስ አበባ ሆነው ይህን ሲሞክሩ የአገራችን መልክዓ ምድር ራሱ ይታይዎታል። የመጀመሪያው መስመር ቤትዎ ያለው ራውተር ነው፤ ቀጣዮቹ የቴሌኮም ድርጅትዎ ናቸው። ከዚያ መልእክቱ ወደ ውጭ ይወጣል። ባሕር በር ስለሌለን የባሕር ውስጥ ገመዱን ለማግኘት የጎረቤት አገርን፣ ለምሳሌ የጂቡቲን መሬት አቋርጦ መሄድ አለበት። የጊዜው ቁጥር ከጥቂት ሚሊሴኮንድ ወደ መቶ ገደማ የሚዘለው መልእክትዎ ባሕር ሲሻገር ነው። ዝርዝሩ ሁለተኛው መስመር ላይ ከቆመ፣ ለአገልግሎት ሰጪው ሲደውሉ «ኢንተርኔት የለም» ከማለት ፈንታ «ከራውተሬ አልፎ የመጀመሪያው ማሽናችሁ ላይ ይቆማል» ማለት ይችላሉ። አንዳንድ ራውተሮች ግን መልስ እንዳይሰጡ ስለሚደረጉ፣ መሐል ላይ ኮከብ ብቻ ካዩ አይደንግጡ፤ ዝርዝሩ ከቀጠለ መንገዱ አለ።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ከእርስዎም ከገመዱም በላይ ነው። በዚያው በ2009 ዓ.ም. የአገር አቀፍ ፈተና ሲሰጥ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ያን ሰሞን ስንቱ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ራውተር ሲያጠፋና ሲያበራ እንደዋለ ያስቡት። ጎረቤትን «እናንተስ ጋ?» ብሎ መጠየቅም ምርመራ ነው።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን በ1989 ዓ.ም. ሲገባ በስልክ መስመር የተጠቀሙ አንባቢያን የሞደሙን ጩኸት አይረሱትም። እሱም በከንቱ አልነበረም። ሞደሙ ውስጥ ድምፅ ማውጫ የተሠራው፣ መስመሩ ተይዞ እንደሆነ ወይም በስህተት ሰው አንስቶ «ሃሎ» እያለ እንደሆነ ባለቤቱ በጆሮው እንዲለይ ነው። እኛ ጩኸት ያልነው ለካስ የምርመራ ውጤት ነበር።

ስም የጠፋበት ቀን

ፒንግ 8.8.8.8 ይሠራል፤ ድረ ገጽ ግን በስሙ ሲጠራ አይከፈትም። ይህ ሲያጋጥምዎ መንገዱ አለ፣ የጠፋው ስሙ ነው።

በአርፓኔት ዘመን የኮምፒውተሮች ስምና አድራሻ በአንድ ፋይል ይያዝ ነበር። ፋይሉን የሚጠብቀው ቀደም ብለን ያነሳነው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሲሆን፣ የሥራው መሪ ኤልዛቤት ፋይንለር ነበረች። አዲስ ኮምፒውተር ያለው ለእነሱ ያሳውቃል፣ ይመዘግቡታል፣ ሌላው ሁሉ ፋይሉን እየቀዳ ይወስዳል። ጥቂት መቶ ኮምፒውተሮች ሳሉ ይህ ሠራ። ሲበዙ ፋይሉ ገና ተቀድቶ ሳያልቅ ያረጅ ጀመር። በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲ.ኤን.ኤስ. የተባለውን ሥርዓት ነደፈ፦ ሁሉን የሚያውቅ አንድ መዝገብ አይኖርም፤ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ይመልሳል፣ የማያውቀውን «እገሌን ጠይቅ» ይላል። ሠፈር ገብቶ የሰው ቤት እንደሚፈልግ እንግዳ ነው፤ ሱቁ ወደ ክሊኒኩ፣ ክሊኒኩ ወደ ሰማያዊው በር ይመራዋል።

ስም ሲጠፋ ምን ያህል እንደሚከብድ ዓለም ኦክቶበር 4 ቀን 2021 አይቷል። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም እና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። በጥገና ሥራ ላይ የተሰጠ አንድ ትዕዛዝ የኩባንያውን የውስጥ መረብ አቋረጠው፤ ስሙን የሚመልሱት ሰርቨሮችም ወደ እነሱ የሚወስደውን መንገድ ራሳቸው አነሱት። ማሽኖቹ አልተቃጠሉም፤ መረጃው አልጠፋም። ሆኖም ሊያገኛቸው የሚችል አልነበረም።

ቤትዎ ሲሆን ችግሩ ያነሰ ነው። በኮምፒውተሩ የመረብ ማስተካከያ ውስጥ የስም ሰርቨሩን ወደ 8.8.8.8 ቀይረው ይሞክሩ። ከሠራ ጥፋቱ የቀድሞው ስም መላሽ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልዎ፦ ያ የጥንቱ የስም ፋይል ዛሬም ኮምፒውተርዎ ውስጥ አለ። ዊንዶውስ ከዲ.ኤን.ኤስ. በፊት እሱን ያያል። አንዳንድ ቫይረሶች ይህን ስለሚያውቁ የሐሰት አድራሻ ይጽፉበታል። ሁሉም ገጽ ተከፍቶ አንድ ሁለት ገጽ ብቻ እምቢ ካለ፣ ወይም ያልጠሩት ገጽ ከመጣ፣ እዚያ ይታይ።

ሰዓቱ ስንት ነው?

አሁን ወደ ጓደኛዬ ቤት እንመለስ። ገመዱ ደህና፣ አድራሻው ደህና፣ መንገዱ ደህና፣ ስሙም ደህና። የቆመው ጊዜ ላይ ነበር።

ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ በ1995 በድረ ገጽና በብሮውዘር መካከል ያለውን ወሬ ማንም እንዳይሰማ የሚያደርግ ዘዴ ይዞ ወጣ። ድረ ገጹ ማንነቱን የሚያስረዳበት ሰርተፍኬት ያቀርባል። ይህ ሰርተፍኬት እንደ መታወቂያ ነው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ተጽፎበታል። ብሮውዘሩ ቀኑን የሚያመሳክረው ከኮምፒውተርዎ ሰዓት ጋር ነው። ሰዓቱ 2009 ካለ፣ በ2017 የተሰጠው መታወቂያ ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ይሆንበታል። እናም በሩን ይዘጋል። ልክ ነው፤ አጭበርባሪ ነው ብሎ ነው የጠረጠረው።

«ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ አያስተካክልም እንዴ?» ይሉኝ ይሆናል። ያስተካክላል። ይህን ያሳካው ያው ዴቪድ ሚልስ ነው፤ ለፒንግ መነሻ ሐሳቡን የሰጠው። የኮምፒውተሮችን ሰዓት በመረብ የማስማማት ሥርዓቱን በ1985 ይፋ አድርጎ፣ ለአሥርታት ሲያሻሽለው ኖሮ በጃንዋሪ 2024 አረፈ። ዊንዶውስ ግን ልዩነቱ በጣም ከሰፋ እጁን ይሰበስባል፤ የስምንት ዓመት ዝላይ ስህተት ይመስለዋል። ፎርማት መደረጉም ያልጠቀመው ለዚሁ ነው። ፎርማት ዲስኩን ያጠፋል እንጂ ሰዓቱ የሚኖረው ዲስኩ ላይ አይደለም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ነው። አዲሱ ዊንዶውስ ተጭኖ ያንኑ 2009 አገኘ።

እንግዲህ ነገሩን ሲያስቡት ያሳዝናል። ልጁ ያስገባው ዓመት ስህተት አልነበረም፤ የእኛ ነው። ማሽኑም አልተሳሳተም። ሁለቱ የተለያየ ዘመን መቁጠራቸውን የጠየቀ ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

ከመፍረድ በፊት

እስካሁን ያነሳናቸውን በአንድ ላይ ቢያስቧቸው መስመር ይሠራሉ፦ ሌላ መሣሪያ በዚያው ዋይፋይ ይሠራል? ገመዱስ? አድራሻ አለኝ? ራውተሬ ይሰማኛል? ሩቁስ ይሰማኛል? ስሙን የሚመልስ አለ? ቀኑና ሰዓቱ ልክ ነው? ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው። ዱቫልና ክላይን ከ«ኤል» ወደ «ኦ»፣ ከ«ኦ» ወደ «ጂ» እንደሄዱት። ሁሉንም ለመጠየቅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ አንዳቸውም ደግሞ ከኮምፒውተርዎ ላይ ምንም አያጠፉም።

ሁሉንም ሞክረው መፍትሔ ካጡ ባለሙያ ይጥሩ፤ ምንም ነውር የለበትም። እስከየት እንደደረሱ ይንገሩት፣ ሥራው ይቀልለታል። «ፎርማት እናድርገው» ካለ ግን አንድ ነገር ያድርጉ። ሰዎችዎ ያሉበትን ሁሉ፣ ፎቶውን፣ ድምፁን፣ የጻፉትን፣ መጀመሪያ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ኢንተርኔት ተመልሶ ይመጣል፤ እስካሁን ሁልጊዜም ተመልሷል።

ጓደኛዬ አሁን ያ ኮምፒውተር የላትም። አዲሱ ላይ ግን የእናቷ ድምፅ ተቀድቷል፤ በሦስት ቦታ ይገኛል።